ጋሼን በአንድ ሌሊት ጻፍኩት

ጋሼ ያረፈው በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ደም ግፊቱ የቆየ ነበር። ጠዋት «ራሴን» አለ፣ ሆስፒታል ደርሰን ሳንቀመጥ አለፈ። ቀብሩ ለረቡዕ ስምንት ሰዓት ተቆረጠ። ሐዋሳም እንደሌላው አገር ናት፤ ሰው ሲሞትባችሁ ተቀምጦ ለማልቀስ እንኳ ፋታ የለም። ጡሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚው ወንበርና ብርጭቆው ከእድር ቤት መጣ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ የእድሩ ጸሐፊ ወደ ጓሮ ጠሩኝና «የሕይወት ታሪኩን አንቺ ጻፊው፤ ከቤቱ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

እኛ ልጆቹ አባታችንን «ጋሼ» ነው የምንለው። ሰፈሩ «መምህር» ይለዋል። ያስተማራቸው ልጆች ደግሞ ዛሬ ራሳቸው የልጅ አባት ሆነውም «ቲቸር» ከማለት አልወጡም።

ጻፍኩት። ወጥ ቤት፣ ንፍሮው የሚቀቀልበት ድስት አጠገብ ተቀምጬ፣ ከመሳቢያው ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ። ሁለት ገጽ ሞላ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የአጎቴ ልጅ በማይክ አነበበው። በዚያ ወረቀት ላይ የሠራሁትን ስህተት ለማቃናት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። እንዲህ ያለው ሌሊት እናንተም ቤት መምጣቱ አይቀርምና፣ ቢያንስ የእኔን እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ስህተት የሚያስቅ ነው። የልደት ዘመኑን የወሰድኩት ከፓስፖርቱ ነበር፤ 1961 ይላል። በፈረንጅ መሆኑ በዚያ ሌሊት አልታየኝም። አንባቢው «በተወለዱ በ54 ዓመታቸው» ሲል፣ ከኋላ የቆሙት ጡረተኛ መምህራን ተያዩ። ጋሼ የ1953 ልጅ ነው። 62 ዓመቱ ነበር፣ ከሁለት ዓመት በፊት በ60 ዓመቱ ጡረታ ወጥቷል። በእኔ ሒሳብ ግን በ1971 ለመሠረተ ትምህርት ሲዘምት ገና የዐሥር ዓመት ልጅ ነበር ማለት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባው ድንኳን ውስጥ ጠጋ ብለው «አባትሽን ጎረምሳ አድርገሽ ቀበርሽው እኮ» አሉኝ። በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ስለዚህ ወረቀት ላይ ያያችሁትን ዘመን ሁሉ «በማን አቆጣጠር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ፓስፖርት በፈረንጅ ነው። የድሮ የትምህርት ማስረጃ ብዙውን ጊዜ በእኛ ነው። አንዳንዱ ወረቀት ደግሞ ሁለቱን ቀላቅሎ ይይዛል። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለእኩያው አስነብቡት፤ አብሮት የተማረ ሰው በአንድ ዓይን ይይዘዋል።

ሁለተኛው ስህተት አያስቅም።

በሠልስቱ ቀን፣ ሰው ሳሳ ሲል፣ አንድ ሽማግሌ መጡ። አሞራ ገደል ዓሣ በማስገር ያረጁ ሰው ናቸው፤ ጃኬታቸው ላይ የሐይቁ ሽታ አለ። ቡናቸውን እስከ አተላው ጠጡ፣ ስኒውን አስቀመጡ፣ ከዚያ «ልጄ፣ ያነበባችሁትን ሰማሁ። ጥሩ ነው። ማታውን ግን የት አደረግሽው?» አሉኝ።

ምን እንዳሉ ወዲያው ገባኝ። ጋሼ ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተምራል። ማታ ደግሞ፣ ከሃያ ዓመት በላይ፣ በሳምንት ሦስት ቀን በእድሩ አዳራሽ ጎልማሶችን ፊደል ያስቆጥር ነበር። ሳንቲም የሚከፍለው የለም። ዓሣ አስጋሪው፣ ዘበኛው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ የሰው ቤት ሠራተኛዋ ሥራቸውን ጨርሰው ይመጣሉ። ይህ ሁሉ በእኔ ወረቀት ላይ «በማኅበራዊ ተሳትፏቸውም የታወቁ ነበሩ» በምትል አንዲት መስመር አልፏል።

እውነቱን ልናገር፤ ረስቼው አይደለም። ለእኔ ያ አዳራሽ ጋሼ ከቤት የሚጠፋበት ቦታ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ልፈተን ስል ሒሳብ እንዲያስጠናኝ እየጠበቅሁ በር በሩን ሳይ አመሻለሁ። እሱ ለሰው ልጅ፣ ያውም ሪዝ ላወጣ ልጅ፣ «ሀ ሁ» ይላል። ሦስት ሰዓት ላይ እጁ በጠመኔ ነጥቶ ይገባል፤ እራቱን በልቶ ሬዲዮ እያዳመጠ ያንቀላፋል። ያንን ቂም ይዤው አድጌያለሁ፣ ለካ በዚያ ሌሊት ብዕሩን የያዘው እሱ ነበር።

ሽማግሌው የራሳቸውን ነገሩኝ። ዓሣውን የሚረከባቸው ሰው ኪሎውን ደብተር ላይ ሲጽፍ እሳቸው አውራ ጣታቸውን ብቻ ይጫኑ ነበር። «14 ኪሎ ቆሮሶ አምጥቼ 11 ተጽፎልኝ ኖሬአለሁ። አባትሽ መጀመሪያ ያስተማረኝ ስሜን አይደለም፣ ቁጥር ነው። ‹ስምህን ማንም አይሰርቅህም፣ ኪሎህን ነው የሚሰርቁህ› አለኝ።» በሦስተኛው ሳምንት ሽማግሌው ደብተሩ ላይ ጎንበስ ብለው «ይቺ አራት ናት» ማለት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ኪሎው አልጎደለም።

እንዲህ ያለውን ነገር እኔ ከየትኛው መሳቢያ አገኘው ነበር?

ምክሬ ይህ ነው፤ የሕይወት ታሪክን የቅርብ ቤተሰብ ብቻውን አይጻፈው። ሌሊቱ አጭር ቢሆንም ለሦስት ሰው መደወያ ጊዜ አይጠፋም። አንዱ ከሥራ ቦታው፣ አንዱ ከእድሩ ወይም ከማኅበሩ፣ አንዱ ደግሞ ከቤታችሁ ደጃፍ ተሻግሮ የማያውቅ ሰው ይሁን። «እኛ ቤት ሆነን ያላየነው ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ሹመትና የምስክር ወረቀት ለማሳጠር አትፍሩ። ቀብር ላይ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ የሥልጠና ዝርዝር አይሰማም።

ከሠልስቱ በኋላ የማረም ሥራ ጀመርኩ። አንድ ወፍራም ደብተር ገዝቼ፣ ሽፋኑ ላይ የጋሼን ፎቶ ለጥፌ፣ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ከእስክርቢቶ ጋር አስቀመጥኩ። ለቅሶ ደራሽ ሁሉ ትዝታውን እንዲጽፍ። በሳምንቱ ስከፍተው አራት ሰው ጽፏል፤ አራቱም «ነፍስ ይማር» ነው ያሉት። ለቅሶ ቤት ቆሞ የሚጽፍ ሰው የለም። ደግሞ የእሱ ተማሪዎች እኮ በጎልማሳነታቸው የተማሩ ናቸው፣ ጽሕፈታቸውን ለማያውቁት ሰው ማሳየት ያፍራሉ። ይህን ማሰብ ነበረብኝ።

ወደ ስልክ ዞርኩ፤ ድምፅ መቅዳት። እዚህም ሁለት ነገር አበላሽቻለሁ። አንደኛ፣ «ጋሼ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» እያልኩ እጠይቃለሁ። መልሱ አንድ ነው፤ ደግ ሰው ነበር፣ ሰው አክባሪ ነበር፣ አገር ያጣው ሰው ነው። ዐሥራ ሁለት ሰው ቀድቼ ዐሥራ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ሰማሁ። ኋላ ግን ጥያቄውን ቀየርኩት። «መጀመሪያ የት አገኘኸው? ምን ለብሶ ነበር? ተቆጥቶሽ ያውቃል? ከእሱ ጋር የተጣላችሁት በምን ነው?» ስል ሰው ወንበሩን እየሳበ መጠጋት ጀመረ።

ሁለተኛ፣ ሁሉንም በአማርኛ ነበር የማስወራቸው። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በሲዳምኛ ነው። አንዲት እናት በአማርኛ ሁለት ዐረፍተ ነገር ብለውኝ ዝም አሉ። አብራኝ የሄደችው ጎረቤታችን በሲዳምኛ ስትጠይቃቸው አርባ ደቂቃ አወሩ፣ በመሃል ሁለቱም አለቀሱ፣ ሁለቱም ሳቁ፣ እኔ ስልኩን ይዤ እንደ ግንድ ተቀምጫለሁ። ሰውን በአፍ መፍቻው አስወሩት፤ ትርጉሙ ለነገ ይደርሳል።

ስለ ስልክ አንድ ነገር ልጨምር። ሰባት ቅጂ ጠፍቶብኛል። ማስቀመጫው ሞልቶ «የድሮ ፋይል ይጥፋ?» ሲለኝ አዎ ብዬ ነካሁት። ከእነዚያ ሰባት ሰዎች አንዷ ዛሬ በሕይወት የሉም። በቀዳችሁበት ቀን እዚያው ቁጭ ብላችሁ ወደ ቴሌግራም ላኩት፣ ለእህታችሁም ላኩላት፣ የሰውየውን ስምና ቀኑን ከሥሩ ጻፉ።

ከእነዚህ ቅጂዎች ነው ጋሼን እንደገና ያወቅሁት። በ18 ዓመቱ ዘምቶ ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ሲጀመር ወደ ሲዳማ ገጠር ተመደበ። ያ ዘመቻ በስተኋላ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች የተካሄደ፣ በፈረንጆቹ 1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የንባብ ሽልማት ያገኘ ነው። ጋሼ ስለ ሽልማቱ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። አብሮት የዘመተ ጓደኛው ግን በኩራዝ ያስተምሩ እንደነበር፣ ከተማሪዎቻቸው አንዱ የተሰጠውን ደብተር እርሻ ላይ እንዳይበላሽበት ጣሪያ ሥር ሰክቶ ባዶ እጁን ይመጣ እንደነበር ነገረኝ። ጋሼ መምህር ለመሆን የወሰነው እዚያ ነው። ቤት ውስጥ «ጥሩ ሥራ ስላልነበረ ነው» ይለን ነበር።

በጣም የገረመኝ ግን የፊደሉ ነገር ነው። በዘመቻው ጊዜ ሲዳምኛም የሚጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር። በ1985 ወደ ላቲን ሲዞር፣ ጋሼ ራሱ በፊደል ያስተማራቸው ሰዎች የልጆቻቸውን ደብተር ማንበብ አቃታቸው። አንዱ አዳራሹ ድረስ መጥቶ «መምህር፣ እንደገና ጨለመብኝ» አለው። ጋሼ ደግሞ አዲሱን አጻጻፍ አያውቀውም። ከሦስተኛ ክፍል ልጅ ጎን ቁጭ ብሎ ተማረው። ያቺ ልጅ ዛሬ ነርስ ናት። ቲቸር በየቀኑ የቤት ሥራውን ሠርቶ ያሳያት እንደነበር፣ አንድ ቀን ተሳስቶ «እንደገና ጻፍ» እንዳለችው እየሳቀች ነገረችኝ።

መልካሙን ብቻ እንዳትለቅሙ ደግሞ። አንድ የባጃጅ ሾፌር «ቲቸር በማስመሪያ መዳፌን እስኪያብጥ መቶኛል» አለኝ። መዝጋት ፈለግሁ። ዝም ብዬ ቀዳሁት። ከሁለት ቀን በኋላ ጋሼ ክፍሉ ፊት አቁሞት «ትናንት የመታሁህ በሌላ ተናድጄ ነው፣ ይቅር በለኝ» እንዳለውም የነገረኝ ያው ሾፌር ነው። የመጀመሪያውን አልሰማም ብል ሁለተኛውንም አላገኘውም ነበር። ሌላም ተናግሬ የማልጨርሰው ጥፋት አለው፤ ለዘገየ ሰው በር ይቆልፋል። ልጅ አዝላ ከገበያ ስትሮጥ የመጣች ሴት ላይ ሳይቀር። ይህንን እናቴም እስከ ዛሬ አልረሳችለትም።

ስለ ገንዘብ ዝርዝሩን እዘለዋለሁ፣ ፍሬ ነገሩን ግን ስሙኝ። ውጭ አገር ያሉ ተማሪዎቹ ለሐውልት ብለው ገንዘብ አሰባሰቡ። እኔም «ለጊዜው» ብዬ በራሴ ሒሳብ ተቀበልኩ። ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ ወሬው ከመነኸሪያ እስከ አቶቴ ደረሰ። የሰበሰብኩት ከተወራው አሥር እጅ ያንሳል፤ ግን ማን ያምነኛል? በስተመጨረሻ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ከፈትን። አንዱ የእድሩ ሊቀመንበር፣ አንዷ የቀድሞ ተማሪ፣ አንዱ ወንድሜ። እኔ ወጣሁ። ከመጀመሪያው እንዲህ ቢሆን እንቅልፍ አላጣም ነበር። የሰው ገንዘብ በሐዘን ቀን በግል ሒሳብ አትቀበሉ፣ አንድ ብርም ቢሆን።

አርባውም እንዲሁ ነገር ነበረው። ፍትሐቱ ተደረገ፣ ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። ግን ከማታ ተማሪዎቹ ብዙዎቹ ጴንጤዎች ናቸው፣ ሙስሊሞችም አሉ፤ እነሱ የሚሰበሰቡበት ሌላ ቦታ ያስፈልግ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ ቡና ብቻ አፍልተን ተቀመጥን። ዲስኩር አልነበረም። ሐውልቱን በተመለከተ እናቴ ቆረጠችው፤ «ስሙ የሚነበብ ድንጋይ ይበቃል» አለች። ከተረፈው አግዳሚና ጥቁር ሰሌዳ ተገዛ።

ለቅሶ መሃል ደስ አይልም እንጂ፣ የወረቀቱን ነገር በጊዜ ያዙት። ሞት በ30 ቀን ውስጥ ቀበሌ ሄዶ መመዝገብ አለበት። ያለዚያ ማስረጃ ቀጣዩ ቢሮ አያነጋግራችሁም። ለእናቴ የሚደርሳት የጡረታው ግማሽ ነው። እሱን ለማስጀመር ግን አምስት ወር ተመላለስን፤ ምክንያቱ አንዲት ፊደል ናት። የጋሼ አባት ስም በአንዱ ማስረጃ በ«ኃ»፣ በሌላው በ«ሀ» ተጽፏል። «ያው ነው» ብለን ብንከራከር ሰሚ ጠፋ፤ የፍርድ ቤት ወረቀት አምጡ ተባልን። ሠላሳ ሰባት ዓመት «ኃ» እና «ሀ» ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው እንግዲህ። ወላጆቻችሁ በሕይወት ሳሉ ማስረጃዎቻቸውን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ስሙን ፊደል በፊደል አስተያዩ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከሌላቸውም አሁኑኑ ያውጡ።

ትምህርቱን ማስቀጠል ከሁሉም የከበደው ነው። መጀመሪያ በስሙ ፋውንዴሽን እናቋቁማለን ብለን ተነሳን። ማኅተም ሳይቀር አስመስለን ሥለናል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ሆኖ መመዝገብ መተዳደሪያ ደንብ፣ ቦርድ፣ የየዓመቱ የኦዲት ሪፖርት እንደሚጠይቅ ስናውቅ ከተሰበሰብነው ውስጥ ግማሹ ቀረ። በዚህ ስድስት ወር ሙሉ አዳራሹ ተቆልፎ ከርሟል። ዓሣ አስጋሪው ሽማግሌ መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አሉኝ። ሌላ አላሉም። ቁልፉ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ጳጉሜን 3 ቀን ከፈትነው። ቀኗን የመረጥነው በከንቱ አይደለም። ልጆች ሆነን በዚያች ቀን «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያልን ዝናብ ላይ ስንዘል፣ ጋሼ ሸሚዙን ተኩሶ ወደ አዳራሹ ይሄድ ነበር። ለሩፋኤል ይመስለኝ ነበር። ለካ ቀኗ የዓለም የመሠረተ ትምህርት ቀንም ናት፤ እያንዳንዱን ተማሪ ሰሌዳው ላይ ስሙን የሚያስጽፍባት ቀን ነበረች። አሁን በሳምንት ሁለት ማታ ነው። ያቺ ነርስ ሲዳምኛውን ትይዛለች፣ እኔ ሒሳቡን፤ የሞባይል ገንዘብ መላክም ጨምረናል፣ ዛሬ ኪሎ የሚሰረቀው እዚያ ነውና። አንዳንድ ማታ አራት ሰው ብቻ ይመጣል። በር አንቆልፍም።

የታረመው የሕይወት ታሪክ ዐሥራ አንድ ገጽ ሆነ። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን አልቋል ብዬ ለእናቴ ላነብላት ቁጭ አልኩ። ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ሰማችኝ። ስልኬን ሳወጣ «እኔንም ከአሁኑ ልትቀብሪኝ ነው?» አለችኝ። ተውኩት፣ ንባቡን ቀጠልኩ። «ጠመኔና ደብተር ከደመወዛቸው እየገዙ» የሚለው ጋ ስደርስ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ከማን ደመወዝ?»

«ከጋሼ ነዋ። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው ያለኝ።»

«የእሱ ደመወዝ ለቤት ኪራይና ለእናንተ ጫማ አልቆ ነው የሚገባው። ያን ጊዜ እንጀራ እየጋገርኩ ለሻይ ቤት አስረክብ ነበር። ማታ ማታ ሲወጣ ኪሱ የሚገባው የእኔ ብር ነው። ሃያ ዓመት።» ከዚያ ስልኬን በክርኗ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «በይ ክፈቺው።»